ማሽኑ ያላወቃቸው ጣቶቼ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ የሐጅ ወቅት ሊገባ ሲል ነው። ዛሬም ድረስ ሂና የተቀባች ልጅ «እዪልኝ እስቲ» ብላ እጇን ስትዘረጋልኝ ፊቴን አዞራለሁ። ቅናት እንዳይመስላችሁ፤ ሆዴ ስለሚባባ ነው።

የምኖረው ጭሮ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ከዚያ በኋላ ሥራ ብዬ የሄድኩበት ሁሉ «ልምድ አለሽ?» ይሉኛል። ሳይቀጥሩኝ ልምዱን ከየት እንደማመጣው የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። የማውቀው ከእናቴ ጋር ተቀምጦ ጫት መምረጥና ማሰር ነው። እሱን ደግሞ ማንም ልምድ ብሎ አይቆጥረውም። እናቴ ወገቧን ትታመማለች፤ አንድ ቀን «በቃ፣ አንቺ እረፊ» ልላት እመኝ ነበር።

እንዲህ እያለሁ አንድ ኤጀንሲ ለሐጅ ወቅት ሳዑዲ ሄደው ሆቴል የሚያጸዱ ልጆች እንደሚፈልግ ሰማሁ። ሥራው የጥቂት ወራት ነው፤ ወቅቱ ሲያልቅ መመለስ ነው። ልምድ ደግሞ አይጠይቁም! እሱን ስሰማ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ተመዘገብኩ፣ ሥልጠናውን ወሰድኩ፣ የጤና ምርመራውንም አለፍኩ። የቀረኝ አሻራ መስጠት ብቻ ነበር። አሻራን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ጣት ይዞ መሄድ ነው።

ስለዚህ ቤታችን ሽኝቱን ጀመረ። የአባቴ እህት ከመሰላ መጣች። በእኛ ቤት ሙሽራም ሆነች ሩቅ ተጓዥ ሂና ሳትቀባ አትሸኝም። አክስቴም ራሷ አድርቃ የወቀጠችውን ሂና በፌስታል ቋጥራ ነው የመጣችው።

«አዳዳ፣ ትንሽ ብቻ አድርጊልኝ» አልኳት። የአባታችንን እህት የምንጠራው እንደዚያ ነው።

«ዝም በይ፣ ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ! የነቢያችን አገር ነው የምትሄጂው። ባዶ እጅሽን ልስደድሽ?»

የአሥሩንም ጣቶቼን ጫፍ በሂና ለጥፋ በጨርቅ ጠቀለለችው። በማግስቱ ስንፈታው ጣቶቼ ከቀይ አልፈው ጠቁረዋል። አክስቴ «ማሻአላህ፣ እንዴት ያዘ!» ብላ እልል አለች። እውነትም ይዟል።

ከእናቴ ጋር በባጃጅ አሻራ ወደሚሰጥበት ቢሮ ሄድን። ተራዬ ሲደርስ ማሽኑ ጋ የተቀመጠው ልጅ «ጣትሽን እዚህ ጫኚ» አለኝ። ጫንኩ። «ጠበቅ አድርጊው።» አጠበቅኩ። «ጥረጊውና እንደገና።» ጠረግኩ። ማሽኑ ቀይ ከማብራት በቀር ምንም አላለ።

«እህቴ፣ ሂናው ነው። ጣትሽን አላነብ ብሏል። ሲለቅ ተመለሺ።»

«መቼ ነው የሚለቀው?» አልኩት፤ እሱን መጠየቄ!

«እኔ ምን አውቃለሁ? የቀባችሽን ጠይቂያት» ብሎ ሳቀ።

እናቴ ጠጋ ብላ «ልጄ፣ ወላሂ እሷ ራሷ ናት። እናቷ ነኝ፣ እኔ እመሰክራለሁ» አለችው።

ልጁ መሳቁን ተወ። «ማዘር፣ እኔማ አምናለሁ። ማመን ያለበት ግን እሱ ነው» ብሎ ማሽኑን አሳያት።

ኤጀንሲው ጋ ስደውል ስልኩን ያነሳው ሰውዬ ቅዳሜ ዝርዝሩ እንደሚዘጋ ነገረኝ። እስከዚያ አሻራዬ ካልገባ በእኔ ቦታ ሌላ ልጅ ትሄዳለች። «ምን ላድርግሽ፣ አቦ፣ በእጄ ያለ ነገር አይደለም» አለኝ። በእጅ ያለ ነገርስ የእኔ ነበር፤ ሂናው።

ቤት ገብተን ጣቶቼን በሎሚ አሸን። አለቀቀም። በአሸዋ አሸን። በመጨረሻ አክስቴ በረኪና ገዝታ መጣችና ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነከረች ታሽ ጀመር። ታሻለች፣ ታለቅሳለች። እኔ «ተይው» ስላት «ይለቃል፣ አላህ አለ» ትለኛለች። ሂናው ትንሽ ፈዘዝ አለ። ቆዳዬ ግን ተላጠ።

አርብ ዕለት ተመልሰን ሄድን። ልጁ የተላጡትን ጣቶቼን አገላብጦ አየ። ቢሆንም ሞከረልኝ፤ እያንዳንዱን ጣት ደጋግሞ ሞከረ። ከዚያ ቀስ ብሎ «አሁንማ መስመሩም ጠፍቷል። ባትነኩት ይሻል ነበር» አለኝ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማው ነበር።

በእኔ ቦታ የገባችው የሂርና ልጅ ናት። ሥልጠናው ላይ አብረን ነበርን፤ እሷም እንደ እኔ ሥራ ይዛ አታውቅም። ሚኒባሳቸው ከሂርና መጥቶ በጭሮ ሲያልፍ ልሰናበታቸው አስፋልት ዳር ወጣሁ። በመስኮት «አይዞሽ፣ ዱዓ አድርጊልን!» አለችኝ። ልጠላት ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። እጄን ለማውለብለብ እንኳ አፍሬ በሻሼ ሸፍኜው ቆምኩ።

ቆዳዬ ሲድን ወደ ቢሮው ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እኔም አላውቅም። ጣቴን ገና ከማስነካቴ ማሽኑ አረንጓዴ አበራ። ልጁ አስታወሰኝና ከልቡ ደስ አለው። «አየሽ፣ ጥርት ያለ አሻራ! መቼ ነው የምትሄጂው?»

«ሄደዋል» አልኩት።

አሁንም ጫት እመርጣለሁ። ኤጀንሲው ለመጪው ወቅት እንደሚደውልልኝ ቃል ገብቷል፤ ይደውል አይደውል የሚያውቅ የለም። በማን ልናደድ? ልጁ ሥራውን ነው የሠራው፣ አክስቴም ወዳኝ ነው ያደረገችው። የምናደድበት ሰው ባገኝ እንኳ ይቀለኝ ነበር።

አክስቴ ግን ከዚያ ወዲህ ሂና ነክታ አታውቅም። ለዒድ ስትመጣ እንኳ ባዶ እጇን ነው፤ እጄን ላለማየትም ዓይኗን ወደ መሬት ትጥላለች። «አዳዳ፣ ነይ ቀቢኝ» ብላት ሸክሟ እንደሚቀልላት አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ልላት አፌን ከፍቼ እመልሰዋለሁ። ድንገት የተቀባሁ ዕለት ከኤጀንሲው ቢደውሉልኝስ?