ካቻቢቴ የሚነክሰው መካኒክ

እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አለው፤ ግን ከሚስቱ በቀር የሚጠራው የለም፣ እሷም የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነው። ለቀረው ሰው «መንጋጋው» ነው። ሌላ መካኒክ መኪና ሲመጣለት ኮፈኑን ይከፍታል፣ ሥሩ ይገባል፣ አለዚያም ባለቤቱን በጥያቄ ያደርቀዋል። መንጋጋው እንዲህ ያለ ወግ አያውቅም። ክንድ የሚያክል ካቻቢቴውን ያወጣል፣ ጫፉን ብረቱ ላይ ይተክላል፣ እጀታውን ይነክሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ሞተሩ እየሠራ ጥቂት ይቆያል። ከዚያ ካቻቢቴውን ከአፉ አውጥቶ በሱሪው ይጠርግና «ኩሽኔታ ነው» ይላል። ሲፈታም ኩሽኔታ ሆኖ ይገኛል።

«ዓይን ይዋሻል፣ ጆሮም ይሳሳታል። ጥርስ ግን አጥንት ነው፤ አጥንት ይሉኝታ የለውም» ይል ነበር አፉን ሞልቶ። እውነቱን ለመናገር፣ ዓይኑን ከመጨፈኑ ብዛት የገዛ ጋራዡን ግድግዳ ቀለም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሚስቱንም ያገኘው በዚሁ ጥርሱ ነው። አማቱ እንቁላል ነጋዴ ናቸው፤ ከጠዋት እስከ ማታ በአንዲት ፒካፕ እንቁላል ለየሱቁ ሲያደርሱ ይውላሉ። መጀመሪያ ልጅቷን ሊጠይቅ ሲመጣ «ልጄን ለግራሶ ልዳራት?» ብለው ፊታቸውን አዙረውበት ነበር። እሱም ወጣ፣ ደጃፍ ላይ ስታቃስት የከረመችውን ፒካፕ ነከሰ፣ በሽታዋን ነግሯቸው እዚያው ጠገናት። ከዚያ ቀን ወዲህ በእሳቸው አፍ መካኒክ ማለት እሱ፣ አማች ማለትም እሱ ነው። በየሄዱበት ሱቅ ከእንቁላሉ ጋር የእሱንም ወሬ ያራግፋሉ። የጋራዡ ደንበኛ ግማሹ ከእሳቸው አፍ የመጣ ነው።

ብረት ግን ሲነከስ ዝም አይልም። አንድ ቀን የሚፈትናት መኪና ጉድጓድ ገባችና ሁለት የፊት ጥርሶቹ ካቻቢቴው ላይ ቀሩ። የቀሩትም ጓዶቻቸው ሲሄዱ አላስችል ብሏቸው ነው መሰለኝ፣ ቀስ በቀስ ተከተሏቸው። በመጨረሻ የላይኛው ድድ ባዶውን ቀረ። መንጋጋው ለደንበኞቹ «መለዋወጫ ፍለጋ እሄዳለሁ» ብሎ ጠፍቶ ሰነበተ። ዋሸ አይባልም፤ መለዋወጫ አስገጥሞ ነው የተመለሰው።

ይህንን ከሚስቱና ከጥርስ ሐኪሙ በቀር የሚያውቅ የለም። አዲሱ ጥርስ ሲታይ ያምራል፤ ለፎቶግራፍ ቢሆን እንከን የለውም። ሥራው ላይ ነው ጉዱ። ትንሽ ስለሚሰፋ፣ ካቻቢቴ በተነከሰ ቁጥር እሱ ራሱ ይንገጫገጫል። የታመመውም ጤነኛውም መኪና ለመንጋጋው እኩል ይንቀጠቀጥበት ጀመር። «ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል፤ የእሱ ግን የእውነት ባዳ ሆነበት። ቢሆንም በልምድና በግምት እየተወጣው ከረመ፤ የአማቱ ፒካፕ እስክትታመም ድረስ።

«ልጄ፣ መኪናዬን ምን እንደነካት እንጃ» አሉ አማቱ አንድ ጠዋት ጋራዡ በር ላይ አቁመው። «ከቆመችበት ስትነሳ ወባ እንደያዘው ሰው ትንዘፈዘፋለች። ፍጥነት ስትይዝ ትተዋለች። እንቁላሉ ግን እስከዚያ አይጠብቀኝም። ትሪውን ስከፍተው ግማሹ ፈስሷል።»

«አይዞዎት እማማ፣ ለእሷ ነው?» አለና ካቻቢቴውን አውጥቶ ነከሰ። ጭንቅላቱ እስኪዞር ተንገጫገጨበት። «ክሮቼራ ነው» አለ፤ ከካምቢዮው ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ረጅም ዘንግ የሚያጋጥመውን መስቀለኛ ብረት ማለቱ ነው። ቀየረው። መኪናዋ ተንዘፈዘፈች። «ዘንጉ ሚዛን ስቶ ነው» አለና አውልቆ ቶርኖ ቤት ወሰደው፣ አስተካክለው መለሱለት፤ ተንዘፈዘፈች። «እንግዲያው ፍሪሲዮን ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም» አለና ካምቢዮውን አውርዶ ፍሪሲዮኑን አወጣው። ገና ዓመታት የሚያገለግል፣ ደህና ፍሪሲዮን ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። መኪናዋማ ጭራሽ ባሰባት።

አማቱ በዚህ ጊዜ ትዕግሥታቸው አለቀ። ደግ ሴት ናቸው፤ ግን እንቁላል ደግነት አያውቅም።

«እስከ ቅዳሜ እጠብቅሃለሁ» አሉ ዓይኑን ሳያዩ። «ከዚያ ወዲያ ግን፣ ሳልወድ በግዴ፣ ፈጣኑ ጋ እወስዳታለሁ።»

ፈጣኑ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጋራዥ ባለቤት ነው። ደንበኛው ያዘዘውን ሻይ ሳይጨርስ ሥራውን ጨርሶ እጁን የሚታጠብ፣ ብሎን ቢተርፈው «ድሮም አያስፈልግም ነበር» የሚል ሰው ነው። መንጋጋው ስሙን ሲሰማ የሰው ወሬ ታሰበው። «የገዛ አማቱ እንኳን ትታው ሄደች» ከተባለ በኋላ የትኛው ደንበኛ ይመጣል? ከደንበኛውም በላይ ግን የከነከነው ሌላ ነው። እሳቸው እንዲተዉት አልፈለገም። እናቱ በልጅነቱ ነው የሞተችው፤ «ልጄ» የሚለው ሰው ከእሳቸው ሌላ የለውም።

ሚስቱ ምሳ ይዛለት ስትመጣ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ለእናቴ ንገራትና ተገላገል» አለችው። «ጥርስ የለኝም በላት።»

«ጥርስ የሌለው መንጋጋው? አንቺ ደግሞ! አፌን ተለጉሜ ብሞት ይሻለኛል።»

ሴትዮዋ ባሏን ትንሽ አየችው፤ የሆነ ነገር ልትናገር አስባ ዋጠችው። ከዚያ ሳቅ እየታገላት «እናቴ የጠርሙስ ቆርኪ በጥርሷ ነው የምትከፍተው» አለች። «ድዴ አብጧል በላትና እሷ ትንከስልህ። እኔ እነዳለሁ።»

መንጋጋው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ዕብደት ሰምቶ አያውቅም። ግን ነገ ቅዳሜ ነው።

አማቱ ይቆጣሉ ብሎ እየሰጋ ያንኑ ቀን ከሰዓት ቢጠይቃቸው፣ ሴትዮዋ በደስታ አበዱ። ለካ ስንት ዘመን ሲያዩት ኖረው ቋምጠዋል! «ምን ገዶኝ! ጥርሴ እንደሆነ አንድ አልጎደለ» አሉና ሻርፓቸውን ጠበቅ አድርገው አሰሩ። የፒካፗ መጫኛ ላይ ሸራ ተነጠፈላቸው፤ ዙሪያውን የእንቁላል ትሪ ተደረደረ፣ መኪናዋ እንደ ወትሮዋ ጭነት እንዲሰማት። እሳቸው በሆዳቸው ተኙ። መንጋጋው አጠገባቸው ተንበርክኮ፣ ካቻቢቴውን በወለሉ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ አሾልኮ ጫፉን ከሥር ካለው ብረት ጋር አገናኘ፣ እጀታውን ለአማቱ አጎረሰ። ሲንዘፈዘፍ ወለሉን በመዳፋቸው ሊመቱ ተስማሙ። ሚስቱ መሪውን ያዘች፤ ሄድ ቆም፣ ሄድ ቆም እያሉ ዳገቱን ጀመሩት።

ዳገቱ ደግሞ ገበያ መሀል ነው የሚያልፈው።

«እትዬ፣ ደህና ዋሉ?» አለ አንድ ባለሱቅ።

«እምምም» አሉ አማቱ ካቻቢቴውን እንደነከሱ።

«ምን አገኛቸው እባካችሁ?»

«እምምምም!» አሉና ዓይናቸውን አፈጠጡበት። መንጋጋው ሊያስረዳ ቢፈልግም አፉን ለመክፈት ፈራ፤ ያ ባዳ ጥርስ ከጠዋት ጀምሮ ሲወላወልበት ነበር።

«የሚጥል በሽታ ነው!» አለች አንዲት ቲማቲም ሻጭ። «አታዩም፣ ምላሷን እንዳትቆርጥ ብረት አስነክሰዋታል!» ያን ጊዜ ገበያው ተነቃነቀ። ግማሹ ከንፈሩን እየመጠጠ ከኋላ ተከተለ። አንዱ ደግሞ፣ ማን እንደጠየቀው እንጃ፣ አንድ ጆግ ውሃ ይዞ ሮጠና አናታቸው ላይ ቸለሰው። አማቱ ጥርሳቸውን አላነሱም። ውሃው በአፍንጫቸው እየወረደ፣ ወለሉን በመዳፋቸው ይደበድቡ ጀመር። ካቻቢቴው ያን ጊዜ መሀል ላይ ነበር፤ ዘንጉን አንጠልጥሎ የያዘው ኩሽኔታ የታሰረበት ብረት ላይ። መንጋጋው ቶሎ ብሎ ወደ ኋለኛው ቀዳዳ አዛወረው፤ የኋላውን ጭነት ወደሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ወደ ባሌስትራው።

ዳገቱ አናት ላይ ሲደርሱ መኪናዋ ቆመች። አማቱ ካቻቢቴውን ተፍተው ብድግ ብለው ተቀመጡ። ሕዝቡ ደህንነታቸውን ሲያይ ቅር እያለው ተበተነ።

«መሀል ላይ ነው የሚንዘፈዘፈው» አሉ እያለከለኩ። ፊታቸው እንደ ልጃገረድ በርቷል። «በሽታው ግን እዚያ አይደለም፣ ልጄ! ከኋላ ነው። ባሌስትራ ማለት እሺ እሺ እያለ ዝቅ ከፍ ማለት አለበት አይደል? ይሄ አሻፈረኝ ይላል። ቀጥ ብሎ ቆሞ ሁሉን ወደ ላይ ይገፋል። እኔስ ያን ቀን ሲበዛ ታውቆኝ...»

እዚህ ላይ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሳቸውን ካቻቢቴ አወጣው።

«ምኑ ሲበዛ?» አለ መንጋጋው።

ወረደና መኪናዋ ሥር ገባ፤ በሕይወቱ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከፍቶ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ባሌስትራው ላይ የደረቀውን ጭቃ በጣቱ ፈገፈገው፤ ከሥሩ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ ብረት ወጣ። ከአሮጌዎቹ ቅጠሎች ጋር አዳዲስ ተደርቦባቸዋል። የመኪናዋ ቂጥ ወደ ሰማይ ተሰቅሎ፣ ያ ረጅም ዘንግ በማይሆን ማዕዘን ወደ ዲፈረንሻሉ ይወርዳል። ከቆመችበት ስትነሳ ኃይሉ በተጣመመው መጋጠሚያ እየተንገታገተ ነው የሚያልፈው። ክሮቼራው ምን ያድርግ? ያ ምስኪን ፍሪሲዮንስ? ሥሯ ስንት ጊዜ ገብቶ ወጥቷል፤ ግን ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

«እማማ» አለ ከሥር ሆኖ። «ይሄን ጭቃ ማን ቀባው?»

«ጭቃውን... እኔ ነኝ።»

«ባሌስትራውንስ ማን ጨመረው?»

አማቱ የሻርፓቸውን ውሃ መጭመቅ ያዙ። ጨመቁ፣ ጨመቁ፣ መጨረሻ ላይ «ፈጣኑ» አሉ።

መንጋጋው ወጥቶ ቆመ።

«ምን ላድርግ!» አሉ። «የዚያች የታችኛው ሰፈር እንቁላል ነጋዴ ፒካፕ ቂጧን ሰቅላ ትንጎራደዳለች፣ የኔ እንደ ታቀፈች ዶሮ መሬት ለመሬት ትጎተታለች። አንተን ብጠይቅህ አያስፈልግም ልትለኝ!»

«አያስፈልግማ!»

«ይኸው፣ አላልኩም?»

ያ የፈራው ቅዳሜ ሳይመጣ አልፎ ኖሯል። ሲጨነቅ የሰነበተው ይሄዱብኛል ብሎ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሄደው፣ ተመልሰው፣ ጭቃ ቀብተው ጨርሰዋል። መንጋጋው አፉን በሙሉ ከፈተና «እኔ ልጅዎ እያለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ጩኸቱ ከነጥርሱ ወጣ። ጥርሱ በአየር ላይ ሄዶ እንቁላል ትሪው ላይ፣ አንዲት ባዶ ጎድጓዳ ውስጥ፣ ልክ እንደተለካለት ሆኖ ተቀመጠ።

የመኪናዋ ጥሩምባ ጮኸ፤ ሚስቱ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ ትንፈቀፈቃለች። የባሏን ምስጢር ለእናቷ፣ የእናቷን ምስጢር ለባሏ እንዳትናገር ሁለቱም አስምለዋት ነው የከረመችው።

አማቱ ጥርሱን በሁለት ጣታቸው አንስተው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ያንተ ነው?»

«የኔ ነው» አለ በባዶ ድድ። አሁን የሚደብቀው ነገር አልቀረውም፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «መንከስ አልችልም፣ እማማ። ክሮቼራውንም ፍሪሲዮኑንም የቀየርኩት በግምት ነው። ጥርስ ከሌለው ይተዉኛል ብዬ ፈራሁ።»

እሳቸው በሻርፓቸው ጫፍ ጥርሱን ጠረጉት፣ አሁንም ጠረጉት፣ ከዚያ መዳፉ ላይ አስቀመጡለት።

«ቅዳሜ ያልኩህኮ ሌላ መላ አጥቼ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ፈጣኑ የጨመረውን ፈጣኑ ጋ አስወልቄ፣ አንተ ሳታውቅ ልመልሳት ነበር። እንዳትቀየመኝ ብዬ።»

መንጋጋው ጥርሱን አፉ ውስጥ መለሰ። ሁለት ጊዜ ገጭ ገጭ አደረገው። «እኔ አወልቀዋለሁ» አለ። «ዛሬውኑ።»

አማቱ ከሸራው ላይ ካቻቢቴውን አነሱ፣ በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ብብታቸው ሥር ሸጎጡት።

«በል እንግዲያው መኪናዋ ላይ ውጣ፣ ልጄ» አሉ። «ነገ የሚነከስ መኪና ስንት አለን?»