ማክሰኞ ወደ ወንዙ አፍ

ማክሰኞ በእኛ ዳርቻ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነው። ጀልባ አይወጣም፤ መረብ ይጠገናል፣ የተጣላ ይታረቃል። ኤኮው ቤንትሲል ግን አንዱን ማክሰኞ በእግሩ ነው ያሳለፈው።

ሠላሳ ዓመት የጀልባ መሪ ነበር። ባለፈው ክረምት ስትሮክ ግራ ጎኑን መታውና የጀልባዋ ባለቤት ኩዋሚና ኦቶ ቦታውን ለሌላ ሰጠበት። ቢለምነው፣ «እስከ ወንዙ አፍ በእግርህ ደርሰህ ከተመለስክ ቦታህ ያንተ ነው» አለው፣ ሰው በተሰበሰበበት። አይሆንም ከማለት ይቀላል ብሎ ነው።

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት አብሬው ወጣሁ። ኩዋሚናም ራሴ ልመስክር ብሎ ተከተለን። ኤኮው መች ይቸኩላል! ዓሣ ከምታጨሰው ከአራባ ዘንድ ቆሞ የልጇን የሠርግ ወሬ ከነዝርዝሩ ሰማ። ኮኮናት ሲሰጡት ተቀምጦ ጠጣ። ከዚያ ደግሞ ሸርጣን ጉድጓዷን ስትቆፍር ማየት አማረው።

«ጋሼ፣ እንቁላል ልትጥል የወጣች ኤሊ እንኳ እስካሁን ባሕሯ ገብታለች» አለው ኩዋሚና።

«እሷን የሚጨቀጭቃት የለማ።»

ወደ እኩለ ቀን ጥቁሩ ቋጥኝ ጋ ደረስን። የሞላው ባሕር መንገዱን ዘግቶታል። ኩዋሚና ጀልባ እንጂ ባሕር የሌለው ሰው ነው፤ ከተማ ሱቁ ውስጥ ነው የሚውለው። በቋጥኙ ላይ እንለፍ ብሎ ቀደመንና አዳልጦት እስከ ወገቡ ተነከረ። ኤኮው ጥላ ፈልጎ ተቀመጠ። ውሃው መሸሽ ጀምሯል፣ ትንሽ ብናርፍ አሸዋው ይገለጣል አለን። ጠዋቱን ሙሉ የተንቀራፈፈው ውሃው የሚሸሽበትን ሰዓት እየጠበቀ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ብዙም ሳንቆይ ሦስታችንም በእርጥቡ አሸዋ ላይ አለፍን።

ወንዙ አፍ ላይ ኤኮው እግሩን ውሃው ውስጥ ነከረ። ኩዋሚና ሱሪውን እየጨመቀ ቆየና ጠየቀው።

«ግራ እጅህ መቅዘፊያ ይይዛል?»

«አይይዝም። አልዋሽህም።»

«እንግዲያው መቅዘፊያውን አሁን የያዘው ሰው ይያዝ። አንተ ከጎኑ ተቀምጠህ የውሃውን ጠባይ ንገረው። ድርሻህ እንደ ድሮው ነው።»

ኤኮው ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። ኩዋሚና ሞተር ሳይክል ጠርተን በላይኛው መንገድ እንመለስ ሲል ግን አልሰማውም።

«ደርሰህ ከተመለስክ ነው ያልከው» አለና በመጣንበት አሸዋ መንገዱን ጀመረ።