ሰም ውስጥ የቀረው ወንድም

ኡበይድ መቁረጥ የተማረው ጂዳ ነው። ስድስት ዓመት አንድ የሻዋርማ ቤት በር ላይ ቆሞ፣ ከሚሽከረከረው ሥጋ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ቁራጭ ሲያነሳ ኖረ። ፖሊሶች ሰብስበው ወደ አገሩ ሲመልሱት ደሴ ገብቶ የላብራቶሪ ዲፕሎማ ያዘና ሐይቅ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ዶክተር ፈሂማ በከፈቱት ትንሽ የምርመራ ቤት ተቀጠረ። የአምባሰል ጓደኞቹ፣ "ከበግ ወደ ሰው አደግክ!" እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል።

ሥራው እንዲህ ነው። ቀዶ ጥገና ሐኪሞች ከበሽተኛ ሰውነት ላይ የወሰዱት ቁራጭ በቀለጠ ሰም ይሞላና ሲደርቅ የክብሪት ቀፎ የምታህል ጠንካራ ሰም ትሆናለች። ኡበይድ እሷን በበረዶ አቀዝቅዞ፣ ማይክሮቶም በሚባለው መቁረጫ ክንድ ላይ ያስራታል። በቀኝ እጁ መዘውሩን ባዞረ ቁጥር ሰሟ ምላጩ ላይ ወርዳ ትመለሳለች፤ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ልባስ ይላጣል። አንድ የራስ ፀጉር አሥራ አምስት ቦታ ቢሰነጠቅ ያንን ያህል ይሳሳል። ልባሶቹ ጫፍና ጫፋቸው እየተያያዘ እንደ ጥብጣብ ይወርዳሉ። በብሩሽ አንስቶ ለብ ባለ ውሃ ላይ ያንሳፍፋቸዋል፤ ከዚያ በመስታወት ያጠምዳቸዋል። ዶክተሯ በማይክሮስኮፕ የሚያዩት ያንን ነው።

ሁለት ልማድ አለው። ቢስሚላሂን የሚለው በልቡ ነው፤ በአፉ ካለ ትንፋሹ ልባሱን ይዞበት ይሄዳል። ሁለተኛው፣ መዘውሩን ሳይቆልፍ እጁን ወደ ምላጩ አያስጠጋም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ምላጩ አንድ ቀን አልነካውም።

በኅዳር ወር፣ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌ፣ ታላቅ ወንድሙ ሀምዳንና ጎረቤቱ ሰዑድ በማሳ ድንበር ተጣሉ። ሰዑድ ሀምዳንን በቀኝ ጎኑ በዱላ መታው። ሲወድቅ ደገመው። ጎኑ ጠቆረ፤ በሃያኛው ቀን ሆዱ ተነፋ። ደሴ ወስደው ሲከፍቱት ጉበቱ አብጦ ተገኘ። ከምቱ ይሁን ከበሽታ ለመለየት ትንሽ ቁራጭ ወስደው ሐይቅ፣ ዶክተር ፈሂማ ዘንድ ላኩ። ሀምዳን በማግስቱ ሞተ።

የመጨረሻው ወንድም ባድሩ የሟቹን ክላሽ አነሳ። ቀብሩ በተፈጸመ በሦስተኛው ቀን የሰዑድን በሬ ቀንበር ላይ እንዳለ ግንባሩን ብሎ ጣለው። የሰዑድ ወንድሞች የሀምዳንን የማሽላ ክምር አነደዱት፤ እሳቱን ሊያጠፋ የሮጠ አንድ የአጎት ልጅ በድንጋይ ዓይኑ ፈሰሰ። ሸህ ኑርዬ፣ የአገሩ ሽማግሌ፣ ጠቡ እንዲቆም ዱላቸውን በሁለቱ ወገን መሀል ጣሉ።

"የጉበቱ ወረቀት እስኪመጣ ድረስ ማንም ጣቱን አያነሳም" አሉ። "ዱላው ከገደለው ደም ነው፤ እኔም አልከለክልም። በሽታ ከገደለው ዕርቅ ነው። ቀኑ ዓርብ ነው።"

"ቆራጩ ወንድሙ አይደል እንዴ?" አለ የሰዑድ ታናሽ ወንድም።

ዶክተር ፈሂማ አዲስ አበባ ልላከው ብለው ነበር፤ ግን ወር ያልፋል፣ ባድሩ ደግሞ ወር አይታገስም። ሸህ ኑርዬ ቁርአን አስመጡ። ኡበይድ እጁን ጭኖ፣ የመጣልኝን ቀጥ አድርጌ እቆርጣለሁ፣ አላበላሽም፣ አልለውጥም ብሎ ማለ።

"ማለ እንግዲህ!" አለ የሰዑድ ወንድም። "የሻዋርማ ቤት ሰው የውሻ ሥጋ ሸጦ አያውቅማ!"

ባድሩ ተስፈንጥሮ አፉን በቡጢ አለው። ሰውየው ደሙንና አንድ ጥርሱን መዳፉ ላይ ተፍቶ እያየ ቀረ።

ኡበይድ ለማንም ያልተናገረው ነገር ነበረው። በአረፋ ማግስት ሀምዳን እስከ መንገድ ሲሸኘው ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ አጥብቆት ነበር። ዓይኑ ቢጫ ነበር። "አንተ ሐኪም ቤት ነህ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው?" ሲለው ሚኒባሱ ጥሩንባ ይነፋ ነበርና፣ "ጨጓራ ነው፣ ተልባ ጠጣ" ብሎት ገባ። ስለዚህ እሱም ገዳዩ ዱላው እንዲሆን ይመኝ ነበር። ሰዑድ ገዳይ ከሆነ እሱ ነፃ ነው።

ሐሙስ ከምሳ በፊት ሰሟን ከበረዶው አነሳ። ጠርዟ ላይ ቁጥሩና ስሙ አለ፤ ሀምዳን። አሰራት። ቢስሚላሂን በልቡ አለ። አዞረ። ጥብጣቡ ሳይቀደድ፣ ሳይኮማተር ወረደ። በሁለት መስታወት አጥምዶ ማድረቂያው ምድጃ ውስጥ አቆማቸው። ለጥንቃቄ ሌላ ሊጨምር ተመልሶ መዘውሩን ሲይዝ ባድሩ ገባ። ክላሹ በነጠላው ሥር ነበር።

"ዶክተሯስ?"

"ለምሳ ወጥተዋል። መሣሪያ ይዘህ እዚህ አይገባም።"

"ሀምዳን እዚህ አለ ብለውኝ ነው። የቱ ነው?"

ኡበይድ በአገጩ አሳየው። ባድሩ ጎንበስ ብሎ አየ።

"ይቺ? በአንድ እጁ ወይፈን ይጥል የነበረው ሰው?" ቀና አለ። "ጨርሳት። እስክታልቅ አዙራት። ወረቀት ከሌለ ደሙ ደም ነው።"

"ምያለሁ፣ ባድሩ።"

"ስትምል የማን ወንድም ነበርክ?"

ኡበይድ መዘውሩን ሳይለቅ ሰሟን አየ። የልባሱን ውፍረት ከፍ አድርጎ ሠላሳ ጊዜ ቢያዞር ሀምዳን ከጠረጴዛው ሥር እንደ ሳሙና ፍርፋሪ ይጠረጋል፤ ጠያቂም የለም። ይህን ከጠዋት ጀምሮ ሲያስበው ነበር። ከባድሩ ይልቅ ራሱን የፈራው ለዚያ ነው።

ባድሩ በክርኑ ገፍቶ መዘውሩን ያዘ። እንደ ውሃ ጉድጓድ ዘንግ ነበር ያዞረው። ሰሟ ወጣች ወረደች፣ ወጣች ወረደች፤ ፍርፋሪው ተበተነ። ኡበይድ ሊነቅላት ግራ እጁን ሰደደ። መዘውሩ አልተቆለፈም። ምላጩ የቀለበት ጣቱን ጫፍ ከነጥፍሩ ይዞ ወረደ። መጀመሪያ አልተሰማውም፤ ሰሟ ስትቀላ አየ። ከዚያ ደሙ ውሃው ላይ ተንጠባጠበና እንደ ሻይ ተዘረጋ።

"ልቀቅ!" አለ ኡበይድ።

ባድሩ በሰደፉ ደረቱን አለው፤ ከመደርደሪያው ጋር ተላትሞ ወደቀ። ጠርሙሶች ላዩ ላይ ረገፉ። ባድሩ የተረፈችውን ሰም ከመቆንጠጫው ነቅሎ በነጠላው ጫፍ ጠቀለላት።

"ጀናዛ ጎዶሎ አይቀበርም" አለ። "ወስጄ ከወንድሜ ጋር እቀብረዋለሁ። አሥር ሰዓት ላይ ሰዑድ ከብቶቹን ሊያጠጣ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ዓርብ የለም።"

ወጣ። ምድጃውን ዞር ብሎ አላየውም። ሥጋው ከሰሟ ጋር የሄደ መስሎታል።

ዶክተር ፈሂማ ሲመለሱ ኡበይድ ጣቱን በፎጣ አንቆ ምድጃው በር ላይ ተቀምጦ ነበር።

"ያ አላህ! ማን ነው?"

"ምላጩ ነው፣ ዶክተር። መስታወቶቹ አሉ። እንቸኩል።"

ጣቱን ሰፍተው አሰሩለት። ማቅለሙን ግን አልለቀቀላቸውም፤ በአንድ እጁ መስታወቶቹን ከአንዱ ፈሳሽ ወደ ሌላው፣ ከሰማያዊው ወደ ሮዙ፣ ደቂቃውን እየጠበቀ አሻገራቸው። ዶክተሯ ማይክሮስኮፑ ላይ ብዙ ቆዩ።

"ና እይ" አሉት።

"እኔ አላነብም።"

"ይህን ታነበዋለህ።"

አየ። ዘጠኝ ዓመት ያጠመደው የጉበት ሥርዓት፣ የታረሰ ማሳ የመሰለው መስመር፣ አልነበረም። እርስ በርሱ የተራገጠ፣ የተጨናነቀ ነገር ብቻ ነው።

"ዱላ ይህን አይሠራም" አሉ ዶክተሯ በዝግታ። "ይህ የዓመት ሥራ ነው፤ ከዚያም በላይ። በጊዜ ቢመጣ ኖሮ... አላውቅም፣ ኡበይድ። ምናልባት።"

ወረቀቱን ጽፈው፣ ከታች በአማርኛ ተርጉመው ማኅተም መቱበት። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነበር።

ሚኒባሱ ውጫሌ አደረሰው፤ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሩ። ባድሩ መቃብሩ ጎን ተቀምጦ ነበር። ክላሹ ጉልበቱ ላይ ነው። ከሀምዳን ራስጌ አዲስ የተቆፈረች፣ የጡት ልጅ እንኳ የማትይዝ ጉብታ አለች። ከታች ወንዙ ይታያል።

"ቀብሬዋለሁ" አለ ባድሩ።

"አንተ ስትመጣ ቆርጬ ጨርሼ ነበር።" ኡበይድ ወረቀቱን ከኪሱ አላወጣም። "በሽታ ነው።"

ባድሩ ተነሳ። "ትዋሻለህ።"

"ወላሂ በሽታ ነው። በአረፋ ዓይኑ ቢጫ ነበር፣ ባድሩ። አይቼዋለሁ። ጠየቀኝ፤ ጨጓራ ነው አልኩት። ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ። ደም ፈላጊ ከሆንክ ወንዝ አትውረድ፤ እዚሁ ቆሞልሃል።"

ባድሩ አፈሙዙን ደረቱ ላይ ደገነ። ቆየ። ከዚያ ክላሹን ገለበጠና በሰደፉ አገጩን አለው። የሆነ ነገር ሲሰበር ሁለቱም ሰሙ። ኡበይድ በጉልበቱ ወደቀ። ባድሩ ትከሻውን መታው፣ ጎኑን መታው፤ ሀምዳን የተመታበትን ጎን ደጋገመው። "ተልባ!" ይላል በየምቱ። "ተልባ! ተልባ!" ኡበይድ እጁን አላነሳም። የተሰፋው ጣቱ ተፈትቶ አፈሩን አራሰው። ከታች ሰዑድ ከብቶቹን ነድቶ መጣ፤ አጠጣ፤ ከላይ ምን እንዳለ ሳያውቅ እያፏጨ ወደ ቤቱ ወጣ።

ባድሩ ክንዱ ሲዝል ቁጭ አለ። ሲያለቅስ ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚነቀነቀው። ጀምበሯ ስታዘቀዝቅ ተነሳ።

"ተነስ። እዚህ የምትተኛበት ጊዜህ ገና ነው" አለና ወንድሙን በጀርባው አዘለው።

ዓርብ ከሰላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ኡበይድ አገጩ ወደ ላይ፣ እስከ አናቱ በጨርቅ ታስሮ መጣ፤ ሬሳ የሚታሰረው እንዲህ ነው። መናገር አይችልም።

"ቆራጩን ምን ነካው?" አለ የሰዑድ ወንድም፣ ጥርሱ በወለቀበት በኩል እያፏጨ።

ሸህ ኑርዬ ማኅተሙን አይተው፣ "ዓይኔ አይለይልኝም። ከሟች ወገን የሆነ ያንብበው፤ ሐሜት እንዳይኖር" አሉ። ኡበይድ ወረቀቱን ተቀብሎ ለባድሩ ሰጠው።

ባድሩ ቆመ። ስሙን አነበበ፤ ዕድሜውን አነበበ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

"ከፍ አድርገው፣ ልጄ" አሉ ሸህ ኑርዬ።

"የጉበት ካንሰር" አለ ባድሩ። "ከምት የመጣ ጉዳት አልታየም።"

ሰዑድ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የመታበት እጁም ያው ነበር። አንዲት ሴት ከኋላ፣ "አልሀምዱሊላህ" ብላ አፏን ያዘች።

"ጨረስክ?" አሉ ሸህ ኑርዬ።

"አንድ መስመር ይቀረኛል።" ባድሩ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋው። "ናሙናውን የቆረጠው፣ ኡበይድ።"

ክላሹን ከትከሻው አወረደና መሀል ላይ በተጣለው በሸህ ኑርዬ ዱላ ጎን መሬት ላይ አጋደመው።