አንሲና እና የተዘጋው ባሕር

አንሲና እንግዶችን የምታውቃቸው በልብሳቸው ነው። ጠላቂዎቹ ከባሕር ሲመለሱ ጥቁሩን የላስቲክ ልብሳቸውን በመከራ ገፈው አጥሩ ላይ ይጥሉታል። እሷ አንድ በአንድ እያነሳች የዝናብ ውኃ በተጠራቀመበት በርሜል ውስጥ ትነክራለች፤ ታሻለች፤ ገልብጣ ደግሞ ታሻለች። ከዚያ ዚፑን በኮኮናት ዘይት ታለሰልስና ጥላ ሥር ታሰጣለች። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይሰነጠቃል።

በውቅያኖስ መሀል ባለችው በቶኖዋስ ደሴት ሥራው የተከፋፈለው እንዲህ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ቶሲዎ እንግዶቹን በጀልባው ወደ ባሕር ያወጣል፤ ሚስቱ ሮዘንታ ታበስላለች፤ አንሲና ታጥባለች። እንግዶቹ የሚመጡት በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ባሕሩ ሥር ለቀሩት የጃፓን መርከቦች ነው። ጠዋት መርከብ ያያሉ፤ ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ላይ ወጥተው ዋሻ ውስጥ የዛገውን መድፍ እየዳሰሱ ፎቶ ይነሳሉ።

መርከብ ሁሉ ግን የየራሱ እድፍ አለው። የአንዱ ዝገት ጉልበት ላይ ቀይ ሆኖ ይቀራል፤ የሌላው ጭቃ ዚፑ ውስጥ ይገባል። አንዱ ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ ከሆዱ ዘይት ያንጠባጥባል፤ ሽታው በሳሙናም አይለቅም። ያ መርከብ የተኛው በአንሲና ቤተሰብ ባሕር ውስጥ ነው። እዚያ አገር ጥልቀት የሌለው ባሕር እንደ እርሻ ባለቤት አለው፤ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይወርዳል። አንሲና የቤተሰቡ ታላቅ ሴት ስለሆነች የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው።

የእናቷ ወንድም አጎት ሱሱሙ ሲሞቱ ባሕሩ ተዘጋ። ሥርዓቱ ነው። ዳርና ዳሩ ላይ እንጨት ተተክሎ ለጋ የኮኮናት ቅጠል ታሰረበት፤ የተዝካሩ ድግስ ተደግሶ እስኪከፈት ድረስ ማንም አያጠምድበትም፣ ማንም አይጠልቅበትም። ባለቤቶቹም ቢሆኑ። እንዲያውም ባለቤቶቹ ከሁሉ ይበልጥ መጠንቀቅ አለባቸው፤ ቤተሰብ ራሱ የዘጋውን ራሱ ከጣሰ፣ ሰው ባሕሩ ባለቤት የለውም ብሎ ይገባበታል። ከማዶ ደሴት ደግሞ ከመርከቦቹ ጥይት ባሩድ እየቀዱ በፈንጂ ዓሣ የሚገድሉ ሰዎች ይህንኑ ቀን ነበር የሚጠብቁት። እነሱ አንድ ጊዜ ከገቡ ዓሣው የሚኖርበት የባሕር ድንጋይ፣ ኮራሉ፣ ተሰባብሮ የሚቀረው ነጭ ፍርስራሽ ነው። አንሲና ለሴት ልጆቿ የምታወርሰው ሌላ ነገር አልነበራትም።

በዚህ መሀል ነው ኦኩዳ የሚባለው ጃፓናዊ የመጣው። ቀጭን፣ ሽበታም፣ ብቻውን። ሰው ባለፈ ቁጥር ጎንበስ ይላል። ኩሽና ድረስ ገብቶ የድስቱን፣ የመውቀጫውን ስም ይጠይቃል። ማለዳ ማለዳ አንዲት የጨርቅ ከረጢት ደረቱ ላይ ታቅፎ ጀልባው ላይ ይወጣል፤ ሲመለስም ታቅፏት ይወርዳል። አንሲና ዓይኗን ከከረጢቷ ላይ መንቀል አቃታት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የኦኩዳን ልብስ ከበርሜሉ ስታወጣ ያ ሽታ መጣባት። ክንዱን አሸተተች፤ ደረቱን አሸተተች። ውኃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ዘይት ተንሳፍፏል።

ለሮዘንታ ነገረቻት። ሮዘንታ የዳቦ ፍሬ የሚሉትን ትልቅ የዛፍ ፍሬ እየላጠች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። «የጀልባው ሞተርም እኮ ዘይት አለው። አንቺ ደግሞ አፍንጫሽን እንደ ውሻ አሠለጠንሽው» አለቻት።

አንሲና የሞተርን ዘይት ከዚያኛው መለየት አያቅታትም፤ ግን ተመልሳ ልብሱን አሰጣች። ሰውየው ወንድሟን አታልሎት ይሆናል ብላ አሰበች። ወይም ሌላ ጀልባ ተከራይቶ በስውር ሄዶ ይሆናል። መርከቡ ውስጥ ሳህን፣ ጠርሙስ፣ የሰው አጥንትም አለ ይባላል። ከረጢቷ ደግሞ ትንሽ ብትሆንም ሳህን መያዝ አያቅታትም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጎረቤቷ ቺዮኮ ጠጋ አለቻት። ቺዮኮ ስታሾፍ ድምፅዋን እንደ ማር ታለሳልሳለች። «ድግሱን ሳንጠራ በላችሁት እንዴ፣ እህቴ? ባሕራችሁ ላይ ጀልባ ሲቆም ያዩ አሉ» አለቻት። አንሲና «ያየ ሰው ዓይኑን ይታከም» ብላት አለፈች።

ወንድሟን መጠየቅ አትችልም። እህት ወንድሟን አፍ ለአፍ አትሞግትም፤ እሱ ተቀምጦ ሳለ ቆማ እንኳ አታልፍም፤ ጎንበስ ብላ፣ ሲብስም በጉልበቷ ነው። አንሲና ከልጅነቷ ጀምሮ ለቶሲዎ ጀርባዋን ስታጎብጥ ኖራለች፤ ከፍቷትም አያውቅም። በማግስቱ ግን ከቤቱ ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር ቆማ ጀልባውን በዓይኗ ተከተለችው። እንደ ወትሮው በስተ ግራ ሄደ። አሸዋማው ጫፍ ጋ ሲደርስ ሞተሩ ዝም አለ። ቆየት ብሎ ጀልባው ከጫፉ ወዲያ በስተ ቀኝ፣ በተዘጋው ባሕር በኩል ብቅ አለ፤ በመቅዘፊያ ነበር የሚሄደው።

ሞተር ያጠፋው ሰው እንግዳው ሊሆን አይችልም።

ያን ዕለት ሰውየው ልብሱን ሊሰጣት ሲመጣ አንሲና በርሜሉ አጠገብ ጠበቀችው። ከልጆቿ በለቀመቻት እንግሊዝኛ፣ በምታውቃት ጥቂት ጃፓንኛም ተግባቡ።

«ኦኩዳ ሳን፣ ዛሬ ወዴት ነበር የጠለቁት?»

«ዘይት ወዳለው መርከብ» አላት፤ ፊቱ በደስታ በርቶ። ዕድሜውን ሙሉ መርከብ ሲበይድ የኖረ ሰው እንደሆነ፣ የዚያ ዓይነት መርከብ ብረት እንዴት እንደተጋጠመ በዓይኑ ለማየት ሲመኝ እንደኖረ ነገራት።

«ከረጢቱስ?»

ኦኩዳ አፈረ። ኩሽናው ውስጥ ሮዘንታ እንዳትሰማው ዞር ብሎ አይቶ ከፈተላት። ውስጡ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝና መነጽር ነበር። የቆርቆሮ ዓሣና ቃሪያ ሆዱን ስላልተስማማው ምሳውን ራሱ እየቋጠረ ነው የሚሄደው። ሮዘንታ ግን ሰምታ ኖሮ ድስቱን በክዳኑ ጓ አደረገችው።

አንሲና ሳቋ አልመጣላትም። «እንጨቱ ላይ የታሰረውን ቅጠል አላዩም?»

«አየሁ እንጂ። እኔ የማን ባሕር ነው፣ ማንን ላስፈቅድ ብዬ መጀመሪያ ጠይቄ ነበር። ወንድምዎ የእኛው ነው፣ ቅጠሉም መርከቡ የት እንዳለ ለጠላቂ እንዲታይ ያሰርነው ነው አሉኝ። ከእኔ በፊት የመጡትም ሁሉ በዚያው ነው የሄዱት አሉ።»

የአንሲና እጅ በርሜሉ ውስጥ እንደተነከረ ቀረ። ከእሱ በፊት የመጡት ሁሉ። ባሕሩ ከተዘጋ ወዲህ ስንት ልብስ አጥባለች? በዝናቡ ወራት ጉንፋን ይዟት ምንም አይሸታትም ነበር።

«አጥፍቻለሁ?» አለ ኦኩዳ።

«እርስዎ አይደሉም» አለችው።

ማለዳ ላይ አንዲት ለጋ የኮኮናት ቅጠል ቆርጣ ወደ ጀልባው መውረጃ ሄደች። መውረጃው ያለው በእናቷ መሬት ላይ ነው። ቅጠሏን በመግቢያው ሁለት ምሰሶዎች መሀል ወጥራ አሰረች፤ ጫፎቿን እኩል አደረገች፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተመለሰች።

ቶሲዎ የነዳጅ ጀሪካኑን ይዞ ወርዶ ቅጠሉ ፊት ለፊት ቆመ። ለመበጠስ አንድ ጣት ይበቃዋል። ግን መንደሩ በየደጁ ሆኖ ያየዋል፤ ቺዮኮም ከኋላ ልብስ የምታሰጣ መስላ ታየዋለች።

«ማን ነው ያሰረው?» አለ ወደ ሮዘንታ ዞሮ።

«ከእናትህ መሬት ላይ ቅጠል ማሰር የሚችል ስንት ሰው አለ?» አለችው ሮዘንታ። የሩዙም ነገር ገና አልወጣላትም ነበር።

ጀሪካኑን አስቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ የተወቀጠ የዳቦ ፍሬ በትልቅ ቅጠል ጠቅልሎ ወደ አንሲና ቤት መጣ። ራሱ ነበር የወቀጠው፤ ትንንሽ ጓሉ አልለቀቀም። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። አንሲና በጉልበቷ ተጠግታ ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ አንገቷን ደፋች። ሮዘንታ በሩ ላይ ቀረች።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንን መርከብ አሳየን እንደሚለው፣ ሌላው ጀልባ እንዳይወስድበት ፈርቶ እንደሆነ ተናገረ። ዓሣ እንዳልነካ፣ የኮራል ቅርንጫፍ እንዳልሰበረ ማለ። ከዚያ «አጎት ሱሱሙ ቢኖሩ ይገባቸው ነበር» አለ።

«አጎት ሱሱሙ ቢኖሩ ባሕሩ መቼ ይዘጋ ነበር» አለች አንሲና፣ ምንጣፉን እያየች።

ቶሲዎ የዳቦ ፍሬውን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«ድሮ የገዙን ጀርመኖች ኮኮናት ትከሉ ሲሉ ማንንም አልጠየቁም። ከእነሱ በኋላ የመጡት ጃፓኖች መንደሩን ሲያነሱ አልጠየቁም። መርከቦቹ ላይ ቦምብ የጣሉትም አልጠየቁም። አጎት ሲያወሩልን እኮ እርስዎም ነበሩ። ይኼ ሰውዬ ጠየቀ፣ ወንድሜ። እርስዎ ዋሹት።»

ሮዘንታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በሕይወቷ እህት ለወንድሟ ይህን ቃል ስትናገር ሰምታ አታውቅም። አንሲናም ደንግጣ ግንባሯ ምንጣፉን እስኪነካ ጎነበሰች። ቃሉን ግን አልመለሰችም።

በመጨረሻ ቶሲዎ ወደ በሩ ዞሮ፣ አንሲና ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልግ በሮዘንታ በኩል ጠየቀ፤ አንሲናም በሮዘንታ በኩል መለሰች። ቅጠሉን ትፈታለታለች። ጀልባው ግን እንግዳ አይጭንም፤ ድግሱ እስኪደርስ ድረስ በየቀኑ ባሕሩ ዳር፣ ከቅጠሉ ወዲህ ቆሞ ይጠብቃል። ቤተ ክርስቲያንም ተነስቶ ጥፋቱን በራሱ አፍ ይናገራል።

ተናገረም። ቺዮኮ መዝሙሩን አብዝታ ዘመረች። ኦኩዳ በሌላ ጀልባ ሌሎቹን መርከቦች አየ፤ ሲሄድም ሮዘንታ ራሷ የቀቀለችው ሩዝ ቋጥራ ሰጠችው፤ ቃሪያ የለበትም ብላ በቁጣ።

ከማዶ የመጡት አጥማጆች አንድ ረፋድ ላይ ብቅ ብለው ነበር። ቶሲዎን ባርኔጣውን ደፍቶ ጀልባው ላይ ተቀምጦ ሲያዩ ትንሽ ዞር ዞር ብለው ተመለሱ። አንሲና ከዛፉ ሥር ሆና አየች። ከሌላ ቀን ይበልጥ ረጅም ሰዓት ቆማ፣ ወንድሟ ዓሣ ሊያጠምድ እጁን ወደ ባሕሩ ይከት እንደሆነ ጭምር አየች።

ሮዘንታ ምሳውን በቅርጫት ይዛ በትንሿ ታንኳ ልትወስድለት ስትል አንሲና ጠራቻት።

«አሁንም አታምኚውም?» አለቻት ሮዘንታ።

«ወንድሜ ነው፤ እንዴት አላምነውም» አለች አንሲና። የወንድሟን ምሳ በጨርቅ ሸፈነችለት፤ ታንኳዋንም ገፋችላት። «ብቻ ስትመለሺ ቅርጫቱን አሳዪኝ።»