ከበሮው ያልተመታበት ቀብር

ሽሮ ሜዳ፣ አንድ ሱቅ በር ላይ፣ ሻጩ አሮጌ ትራምፔት በሎሚና በአመድ ይወለውላል። ሽታው እግሬን ያዘው።

በአሥራ አምስት ዓመቴ በጉለሌ የሰፈራችን ማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት እነፋ ነበር። አለቃችን ጋሽ ታደሰ ቅዳሜ ቅዳሜ መሣሪያዎቻችንን እንዲሁ በሎሚና በአመድ ያስወለውሉን ነበር። አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ከባንዱ ሰው ሲሞት፣ ቀብሩ ላይ የእሱን ድርሻ ሌላ ሰው አይጫወትለትም።

ትልቁን ከበሮ የሚመታው አበራ የሞተ ቀን፣ "ጋሼ፣ ያለ ከበሮ እንዴት እንራመዳለን?" አልኳቸው።

"ይጉደል" አሉኝ። "ሰውየው ጎድሎ የለም እንዴ? ሰፈሩ ይስማው።"

አስከሬኑን ተከትለን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ እርምጃችን ተምታታ። ያኔ ከኋላ ድው፣ ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል የአበራ ሚስት ደረቷን ትደቃለች፤ ልክ ከበሮው በሚመታበት ቦታ፣ አንድም ሳትስት። ለካ ልምምዳችንን ስንት ዓመት ከአጥር ማዶ ስትሰማው ኖራለች። ጋሽ ታደሰ ደንቡ ተጣሰ ብለው የሚቆጡ መስሎኝ አየኋቸው። እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው እርምጃቸውን በእሷ ምት አስተካከሉ።

"እህቴ፣ ልጠቅልልልሽ?" አለኝ ሻጩ።

"አይ፣ ተወው" አልኩት።

ጋሽ ታደሰ ሲሞቱ ባንዱ ከፈረሰ ቆይቶ ነበር። ቀብራቸው ላይ ሁላችንም ባዶ እጃችንን ቆምን። የእሳቸው መጉደል በምን ይሰማ?