ሞተር የገዛው ልብስ ሰፊ

በሃምሳ ዓመቱ፣ ልብስ ሰፊው ሞተር ሳይክል ገዛ! መንዳት ሳይለምድ ለራሱ የቆዳ ጃኬት፣ ለሞተሩ የወንበር ልብስ ሰፍቷል። ሚስቱ በረንዳ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ከላይ እስከ ታች ገላመጠችው። "ማጌጡን ግን ያውቅበታል" አለች በሆዷ።

የሰውየው እግር ሠላሳ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል ሲረግጥ ኖሯል። ፔዳሉ ሲረግጡት ይሄዳል፤ ሲለቁት ይቆማል። ሞተር ላይ ግን ነዳጅ የሚሰጠው በእጅ ነው፤ በቀኝ እግር የሚረገጠው ፍሬኑ ነው። ስለዚህ መፍጠን ባማረው ቁጥር ረገጥ ያደርግና ቀጥ ይላል። ጎረቤቱ በሳቅ ሞተ።

"እግርህን አንሳ፣ አንተ ሰውዬ!" ብላ ሚስቱ ጮኸችበት።

አነሳ። ሞተሩ ተስፈነጠረ። ጃኬቱ በነፋስ ተነፍቶ፣ እንደ ሕፃን እልል እያለ ግቢውን ዞረ። መቆም ሲያምረው ግን እንደ ልማዱ እግሩን አንስቶ ጠበቀ፤ አጥሩን ጥሶ ወጣ።

አቧራውን ሳያራግፍ፣ በሳቅ እንባው እየፈሰሰ ተነሳ።

"አየሽኝ?"

"አየሁህ። አጥሩም አይቶሃል" አለችና ፊቷን አዞረች።

ያንገበገባት ግን አጥሩ አልነበረም። በሃያ አምስት ዓመት ትዳራቸው እሷ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አስቃው አታውቅም።