ስምንተኛው ገጽ

ለእኔ ወረቀት ማለት ማህተም ያለበት ነገር ነበር። አስራ ሰባት ዓመት በወረዳ ጽሕፈት ቤት የታይፕ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም የሌለው ነገር በእጄ አልፎ አያውቅም። ኋላ በመዋቅር ጥናቱ ጊዜ ለእኔ የሚሆን ወንበር ጠፋና «ተንሳፋፊ» ተባልኩ። ቃሉን ያወጣው ሰው ዋና ይችል እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ስንሳፈፍ ከርሜ ሲታክተኝ፣ መካነ ሰላም መናኸሪያ ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትኩ።

ሥራው ማመልከቻ መጻፍ፣ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ማባዛት ነበር። የሚበዛው ግን ፓስፖርት ነው። በዚያን ጊዜ ከከተማውም ከገጠሩም፣ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ሴት ልጅ ወደ ዓረብ አገር ትጎርፍ ነበር። በቀን ስንቱን የልጅ ፊት በማሽኑ መስታወት ላይ በግንባሩ እየደፋሁ አባዛ እንደነበር ሳስበው አሁንም ይደክመኛል።

ከእነዚያ ፊቶች አንዱ የልጄ እንዳይሆን ነበር ጭንቀቴ ሁሉ። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። አባቷ ከሞተ ወዲህ የቀረነው እኔና እሷ ነን። የአስረኛ ክፍል ፈተና ስላልመጣላት ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር ሱቅ ትውላለች፤ የሰው ፓስፖርት እያገላበጠች «እማ፣ ይቺኮ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ነበር የምትቀመጠው» ትለኛለች። ያልሰማሁ መስዬ ወረቀት እደረድራለሁ።

አንድ የገበያ ቀን ከወግዲ በኩል የመጣች ሴት ገባች። ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ቢሆናት ነው። ከጂዳ ከተመለሰች መንፈቅ አልሞላትም። ከሻርፗ ስር አንድ ወረቀት አውጥታ «እትዬ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ ይቺን ያባዙልኝ» አለችኝ። ወረቀቱ በማስመሪያ ለስምንት ተከፍሏል። በእያንዳንዱ ክፍል በጥቁር እስክሪብቶ የተሠራ ስዕል አለ፤ ከሰዎቹ አፍ እንደ ደመና ያለ ክብ ይወጣል፣ ክቡ ውስጥ የሚናገሩት ተጽፏል። ከስምንቱ አራቱ በጭንቅላታቸው ቆመዋል።

«የኔ እህት፣ ግማሹን ገልብጠሽ ነው የሳልሽው» አልኳት። ደክሞኝ ስለነበር ቃሌም ሻከር ያለ ነበር።

«ወላሂ እንዲያ ነው የሚሣለው። አንድ ብቻ ያውጡልኝና ላሳይዎ።»

አወጣሁላት። ማሽኔ የመጀመሪያውን ኮፒ ሁልጊዜ ጠርዙን ያጠቁረዋል። እሷ ግን ግድ አልሰጣትም። ሦስት ጊዜ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ መቀስ ጠይቃ መሃሉን ብቻ ሰነጠቀችው፤ ከዚያ በጣቶቿ ገፋ ገፋ ስታደርገው ያ ወረቀት ስምንት ገጽ ያላት መጽሐፍ ሆነ። ሙጫ የለው፣ ሽቦ የለው። ተዘቅዝቀው የነበሩት ሰዎች ሁሉ በእግራቸው ቆሙ። መጠኗ አንገት ላይ እንደሚንጠለጠል ክታብ ነበር።

«ማን አሳየሽ?» አልኳት።

«አንድ ቤት አብራኝ ትሠራ የነበረች ፊሊፒናዊት። አገሯ ወጣቶቹ ታሪካቸውን ራሳቸው ይስሉና ራሳቸው አባዝተው መንገድ ላይ ይሰጣሉ አለችኝ። እሷም ሥራ ሲቀል የዕቃ መጠቅለያ ወረቀት ላይ እየሳለች ለጎረቤት ሠራተኞች በመስኮት ታቀብል ነበር። ዓረብኛም እንግሊዝኛም በወጉ ሳንችል እንግባባበት ነበር።»

«ማንን አስፈቅደው ነው የሚያሳትሙት?»

«ማንንም።»

ይህን ስሰማ ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ስመታ ኖሬ የራሴ የምለው አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። መጽሐፍ ከላይ የሚወርድ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ይቺ የገበሬ ልጅ በአንድ ወረቀትና በአንድ መቀስ ሠርታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሽፋኑ ላይ ሻንጣ የያዘች ልጅ አለች፤ «የሠራሁበት ቤት» ይላል። ሁለተኛው ገጽ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው፤ ሦስተኛው ምንጣፍ መጥረጊያው፣ አራተኛው ካውያው፣ አምስተኛው ምድጃው። ስድስተኛው ላይ ሕፃን ታዝላለች፣ ሰባተኛው ላይ የፎቁን ደረጃ ትወለውላለች። ማሽኖቹ ገጹን ሞልተውታል፤ ቁልፋቸው አንድ በአንድ ተስሏል። ልጅቱ ግን ገጽ በተገለጠ ቁጥር ታንሳለች። ሰባተኛው ላይ የሽንብራ ፍሬ አክላለች። ስምንተኛው ገጽ ላይ ሰው የለም። በር ብቻ ነው፤ ቁልፉ በውጭ በኩል ተሰክቶበታል፣ ከስሩ አራት ጣቶች ይታያሉ።

«የሰፈራችን ልጆች ሊሄዱ ነው» አለችኝ። «በአፌ ብነግራቸው ‹አንቺ ሠርተሽ መጥተሽ ለእኛ ስትሆን ትከለክያለሽ› አሉኝ። ስዕሉን ቢያዩ ይገባቸው ይሆናል ብዬ ነው።»

እኔም የራሴ ጉዳይ ነበረብኝና ደስ አለኝ። ዋናውን እኔ ዘንድ አስቀመጠችው፤ እኔ ሳባዛ የማጠፉን ሥራ ለልጄ ሰጠኋት። እያጠፈች ታየዋለች፣ ስታየው የመሄዱ ሐሳብ ይወጣላታል ብዬ። ልጄም አጠፈች። ትኩር ብላ እያየች፣ አንዳንዴም እጇን አቁማ እያሰበች ነበር የምታጥፈው። በልቤ «ገባት» አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ «እማ፣ እዚህ ማጠቢያው ላይ ያለው ሦስተኛው ቁልፍ ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እኔ ምን አውቄ» አልኳት። ጥያቄውን ልብ አላልኩትም።

ሰዓሊዋ መጽሐፏን ገበያ ይዛ ወጣች። ወንዶቹ መጀመሪያ የጠየቋት «የማን ድርጅት ነው? ማህተሙ የታለ?» ብለው ነበር። ሴቶቹ ግን ከበቧት። በማግስቱ ሱቄ ድረስ እየመጡ «ያቺ የማሽን መጽሐፍ አለች?» ይሉኝ ጀመር። የማሽን መጽሐፍ! ያቺ ምስኪን ማሽኑን ያገዘፈችው እንዴት እንደተጫናት ለማሳየት ነው። እነሱ ደግሞ ለማሠልጠኛ እንዲመች ብላ ያሰፋችው መሰላቸው። በማሽን ያልሠራች ልጅ እመቤቷ ፊት ትዋረዳለች ሲባል ሰምተዋል፣ ያንን ይፈራሉ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ቁልፎቹን በጣት እያስቆጠሩ ሲያስጠኑ በዓይኔ አይቻለሁ። ማን ይፈርድባቸዋል? እኔም ያን ጊዜ ሳቅ ብዬ ነው ያለፍኩት።

ብዙም ሳይቆይ ልጆቹን የሚልከው ደላላ መጣ። ንጹሕ ኮት የሚለብስ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚያወራ ሰው ነው። «እትዬ፣ አብሽሩ፣ ትልቅ ሥራ ነው የያዙት» አለኝ። «ልጆቹ ሳያውቁ እየሄዱ ነው የሚቸገሩት፤ ይቺን ለሁሉም መስጠት አለብኝ። ብቻ ይቺ የመጨረሻዋ ገጽ ሰው ታስደነግጣለች። እሷ ነጭ ብትሆን ምን ይመስልዎታል?»

ማባረር ነበረብኝ። መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ገና መምጣቱ ነው፤ በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል፤ ወገቤ ሊቆረጥ ደርሷል፤ ከዚህ ሰውዬ ጋር የምከራከርበት ጉልበት አልነበረኝም። የመታወቂያ ያህል ነጭ ወረቀት ቆረጥኩና ስምንተኛው ገጽ ላይ በተሳለው በር ላይ ለጥፌ የማሽኑን ክዳን ዘጋሁ። ለራሴ የነገርኩትን አልረሳውም። የሌላ ሰው ልጆች ናቸው፣ የእኔዋ በሩን አይታዋለች አልኩ። ስለዚህ ነገር ዛሬም አፍራለሁ።

በሚቀጥለው ገበያ ሰዓሊዋ መጣች። ነጭ ገጽ ያላትን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «በሩን ማን አጠፋው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። «እትዬ፣ እኔኮ ሰባቱን ገጽ የሳልኩት ያንን በር ለማሳየት ብዬ ነው። አንቱ እንኳ አልገባዎትም?» አለች። ዋናውን ወረቀት ጠየቀችኝ፤ ሰጠኋት፤ አጣጥፋ ሻርፗ ስር ከታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ኩታበር ከተማ ዘመድ ጋር ገብታለች ሲሉ ሰማሁ።

ክረምቱ ሲያልፍ፣ አንድ ጠዋት ልጄ ተነስታ የማሽኑን ክዳን ከፈተች። መስታወቱ ላይ ፓስፖርት አስቀመጠች። የሷ ነበር። ደላላው መጽሐፍ ሊወስድ በመጣ ቁጥር ከበር ሲያነጋግራት አይቻለሁ፤ ሰላምታ ነው ብዬ ነበር።

«በሩን አላየሽውም?» ብዬ ጮኽኩ። «ስንት ጊዜ አጠፍሽው፤ አላየሽውም?»

«አየሁት እማ። ግን ሥራውን ካወቅሁ አይቆልፉብኝም። ሁሉንም አጥንቼዋለሁ።»

እውነቷን ነበር። ለአስረኛ ክፍል ፈተና እንደዚያ ብታጠና ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር እጽፍ ነበር። ለመንኳት፣ አለቀስኩ፣ ጎረቤት ሰብስቤ አስመከርኳት። አልሆነም። በመጨረሻ ያንን ፊት እኔው በግንባሩ ደፍቼ አባዛሁት። የደሴው አውቶቡስ ሲነሳ መጽሐፏ ከቦርሳዋ የጎን ኪስ ብቅ ብላ ትታይ ነበር።

አራት ወር ድምፅዋን ሳልሰማ ቆየሁ። አንድ ቀን ሱቅ ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ፤ ረጅም ቁጥር ነው።

«እማ፣ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። እኛ ቤት እንዲህ የምንለው የጨነቀን ጊዜ ነው። «ሁሉም እንደ መጽሐፏ ነው። ምንም አልከበደኝም። ያ ሦስተኛው ቁልፍ ደግሞ ለሱፍ ልብስ ነው።»

«ስምንተኛው ገጽስ?» አልኳት።

ውሃ ሲፈስ ይሰማኛል፣ የሕፃን ልቅሶም ይሰማኛል።

«እሱም አለ፣ እማ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ መስመሩ ተቋረጠ።

መሳቢያውን በረበርኩ። ያ ጠርዙ የጠቆረው የመጀመሪያ ኮፒ፣ ሰዓሊዋ አጥፋ ያሳየችኝ፣ ደረሰኝ ስር ነበር። ዘረጋሁት። በሩ በቦታው አለ። ላባዛው ብዬ የማሽኑን ክዳን ስከፍት ያ የቆረጥኩት ነጭ ወረቀት ከዋናው ተላቆ ክዳኑ ጥግ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት፤ በጥፍሬ ፈቅፍቄ አነሳሁት። ቁልፉን ስጫን ማሽኑ ዝም አለ። መብራት የለም።

በዚያው ሰዓት አንዲት ልጅ ፓስፖርቷን ይዛ ገባች። ከልጄ ታንሳለች። «እትዬ፣ ማሽኑ አይሠራም እንዴ?» አለችኝ።

«መብራት ሲመጣ ይሠራል፤ ተቀመጪ» አልኳትና የልጄን ወንበር ሳብኩላት። ወረቀቱን እዚያው አጥፌ መጽሐፍ አደረግሁና ሰጠኋት። «ከኋላ ጀምረሽ እዪው» አልኳት።

ተቀበለችኝ። የኋላውን ገጽ አየት አደረገችና ገልብጣ ከፊት ጀመረች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈችበት።

«እትዬ፣ ይሄ ሦስተኛው ቁልፍ ለምንድን ነው?»

«ለሱፍ ልብስ ነው» አልኳት።